የፊልም በዓል ወደ ትንሽ ከተማ እንዴት ይመጣል?

ወደ አምቦ የመጣ እንግዳ ሁለት ነገር ሳይጠይቅ አይመለስም። አንደኛው፣ ውሃው ጋዙን ከምድር ይዞት ይወጣል ወይስ በፋብሪካ ነው የሚጨመርበት የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ለመሆኑ በከተማችሁ ማታ ማታ ምን ይታያል የሚለው ነው። የመጀመሪያውን መመለስ አይቸግርም፤ ምንጩ እየተንተከተከ ሲወጣ በዐይኑ ያየ ሰው ጋዙ የምድር ስጦታ መሆኑን አይጠራጠርም። ሁለተኛው ግን በዚህ ከተማ በመምህርነት ከተቀመጥሁ ጀምሮ አፌን ሲያስይዘኝ የኖረ ጥያቄ ነው። የእንግሊዝ እግር ኳስ ይታያል እንዳልለው እንግዳው ይህን በአዲስ አበባም ሲያየው ሰንብቷል።

ስለዚህ ጥያቄውን ገልብጬ ማሰብ ጀመርሁ። በዓለም ላይ ከአምቦ በብዙ የሚያንሱ ከተሞች የፊልም በዓል አዘጋጅተው ከየአህጉሩ እንግዳ ይቀበላሉ። ይህ ዕድል እንዴት ደረሳቸው? አዳራሻቸው ሰፊ ስለ ሆነ ነውን? ገንዘብ ስለ ተረፋቸው ነውን? መልሱን ከሩቅ አገር ከማምጣታችን በፊት ግን ወደ አምቦ የሚወስደውን መንገድ አብረን እንሂድ፤ መንገዱ ራሱ ስለ ትንንሽ ከተሞች ዕድል የሚናገረው አለውና።

ከአዲስ አበባ በቡራዩ በኩል ወጥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው በመጀመሪያ የሚያገኛት ታሪከኛ ከተማ ሆለታ ናት። በ1927 ዓ.ም. የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተው በዚህች ከተማ ሲሆን፣ በጠላት ወረራ ጊዜ የጥቁር አንበሳን የአርበኞች ማኅበር ካቋቋሙት ሰዎች መካከል የሆለታ ዕጩ መኮንኖች ይገኙበታል። ዛሬ አውቶቡሱ ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ቆሎና ሙዝ የሚሸጡ ልጆች መስኮቱን ከበው ሲጮኹ ይህን የሚያስታውስ ተሳፋሪ ጥቂት ነው።

ከሆለታ ቀጥሎ አዲስ ዓለም ትመጣለች። ይህችን ከተማ ሳይ ሁልጊዜ ይገርመኛል። በ1893 ዓ.ም. ግድም በአዲስ አበባ ዙሪያ የነበረው ማገዶ ተጨፍጭፎ ስላለቀ ዐፄ ምኒልክ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ለማዛወር ቆርጠው ነበር። ስሙንም አዲስ ዓለም አሉት፤ ቤተ መንግሥትም ያሠሩ ጀመር፤ ከአዲስ አበባም መንገድ አስጠረጉ። በዚህ መካከል ከውጭ አገር የመጣው ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ውስጥ አድጎ ለማገዶ ደረሰ። አዲስ አበባም በዛፍ ምክንያት ዋና ከተማነቷን ሳታጣ ቀረች፤ የአዲስ ዓለሙ ግንብ ደግሞ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። የባሕር ዛፍ ችግኝ ባይጸድቅ ኖሮ ዛሬ ሚኒስቴሩም፣ ቴአትር ቤቱም፣ ሲኒማውም በአዲስ ዓለም በሆኑ ነበር፤ እኛም ደመወዝ ለማስጨመር አቤት የምንለው እዚያ በሆነ ነበር። የከተሞች መተለቅና ማነስ እንዲህ ባለ ነገር ላይ የተንጠለጠለ ነው።

መንገዱ ይቀጥላል። በኦሎንኮሚ በኩል ስናልፍ በዚያ አካባቢ ከገበሬ ቤት የተወለዱትን ዶክተር ገቢሳ እጀታን ማስታወስ ይገባል። በልጅነታቸው 20 ኪሎ ሜትር በእግራቸው ተጉዘው ይማሩ የነበሩት እኒህ ሰው፣ አቀንጭራ የተባለውን አረም የሚቋቋም የማሽላ ዘር በማውጣታቸው እ.ኤ.አ. በ2009 የዓለም ምግብ ሽልማትን ተቀብለዋል። ከዚያ ጊንጪ ነው። በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ ተማሪዎች የተነሣው ተቃውሞ መላ ኦሮሚያን አዳርሶ በመጨረሻ የአገሪቱን መንግሥት እስከ መለወጥ መድረሱን ሁላችንም አይተናል። ከመስኮቱ ለሚያይ ሰው ግን ጊንጪ ጤፍ በኩንታል የተደረደረባት የገበያ ከተማ ናት።

ከዋና ከተማው ወደ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘን አምቦ ስንደርስ ቁልቁለቱ ይለሳለሳል፤ አየሩም ይሞቃል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ስሙ የመጣው ከውሃው ነው፤ ሰው በፍል ውሃዋ ታጥቦ ከሕመሙ ይፈወስ ዘንድ ይመጣ ነበርና። የማዕድን ውሃው በጠርሙስ መታሸግ የጀመረው በ1922 ዓ.ም. ገደማ ነው። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ የእርሻ ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ እርሱም እያደገ ሄዶ የዛሬው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። እንግዲህ አምቦ ከጥንት ጀምሮ እንግዳ መቀበል የለመደች ከተማ ናት ማለት ነው። በሽተኛም፣ ተማሪም፣ ሽርሽር የሚሄድ የአዲስ አበባ ሰውም ሲመላለስባት ኖሯል።

ነገር ግን ስለ አምቦ ከሚነገረው ሁሉ ለጥያቄዬ የሚጠቅመኝ ሌላ ታሪክ ነው። በ1928 ዓ.ም. በአምቦ አጠገብ ቦዳ በምትባል ቦታ አንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙም ጸጋዬ ገብረ መድኅን። ይህ ልጅ በአምቦ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ተውኔት ጻፈ። ተውኔቱ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የሚናገር ነበር። በመድረክ ሲታይም ከተመልካቾቹ አንዱ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ራሳቸው ነበሩ። አንባቢ ሆይ፣ እስቲ ነገሩን አስበው! ሲኒማ ቤት በሌለበት፣ ተዋናይ የሚባል ሙያ ባልታወቀበት የገጠር ከተማ አንድ ትንሽ ተማሪ የጥንቱን የሰራኩስን ገዥ ስም አንሥቶ፣ ስለ ንጉሥ ፍርድ ጽፎ፣ ለንጉሥ አሳየ። አዳራሹ ምን ያህል ሰፊ ነበር ብሎ የጠየቀ የለም።

ሎሬት ጸጋዬ ከዚያ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ለንደንና ፓሪስ ድረስ ተጉዞ ቴአትርን አጠና፤ ተመልሶም የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር መራ፤ ሼክስፒርን በአማርኛ አናገረው። በ1998 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ዐርፎ አስከሬኑ በአዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ከእርሱ በኋላ ከአምቦ የወጣው ሌላው ታላቅ ባለ ጥበብ ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ነው። በ17 ዓመቱ ታስሮ አምስት ዓመት ሲቆይ፣ ከመጀመሪያው አልበሙ ዘፈኖች ብዙዎቹን የደረሰው በአምቦ እስር ቤት ውስጥ ነበር። እርሱም በአዲስ አበባ ታወቀ፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተገደለ፤ ለመቀበር ግን ወደ አምቦ ተመለሰ። አንዳንድ ጊዜ በአውቶቡስ ጣቢያው በኩል ሳልፍ ይህን አስባለሁ፤ ከተማዋ ልጆቿን ታሳፍራለች፤ ሥራቸውን ግን የምታየው ከሌላው ሕዝብ ጋር፣ ከሩቅ ነው።

አሁን ወደ ሩቁ አገር እንሂድ። በፊንላንድ ሰሜን፣ ላፕላንድ በሚባለው ምድር፣ ሶዳንኪላ የምትባል ወረዳ አለች። ከዋና ከተማው ከሄልሲንኪ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ ከአርክቲክ ክበብም 120 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን አልፋ ትገኛለች። የወረዳው ሕዝብ በሙሉ ቢቆጠር ወደ 8000 ነው፤ አጋዘን የሚያረቡ ሰዎች አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1944 የጀርመን ጦር ሲያፈገፍግ ከተማይቱን አቃጥሏት ስለ ሄደ የሚታይ የጥንት ቤት እንኳ እምብዛም የላትም፤ በ1689 በእንጨት የተሠራች አንዲት ቤተ ክርስቲያን ግን ተርፋለች።

እንግዲህ እ.ኤ.አ. በ1986 ጥቂት የፊንላንድ የፊልም ሰዎች፣ አንሲ ማንታሪ፣ ወንድማማቾቹ አኪና ሚካ ካውሪስማኪ፣ እንዲሁም ፒተር ፎን ባግ የተባለው የፊልም ታሪክ ዐዋቂ፣ የፊልም በዓል የሚደረገው በዚህች ከተማ ነው ብለው ተነሡ። ምን አይተው ነው? በሰኔ ወር በዚያ አገር ፀሐይ አትጠልቅም። ሌሊት የለም። ስለዚህ ፊልሙ ለአምስት ቀን፣ ቀንም ሌሊትም ሳይቋረጥ ይታያል። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ከጨለማው አዳራሽ የወጣ ተመልካች ፀሐይ ዐይኑን ትወጋዋለች። ማሳያ ቦታቸውም አንዲት ትንሽ ሲኒማ ቤት፣ የትምህርት ቤት አዳራሽና የሰርከስ ድንኳን ነው። ውድድርና ሽልማት የለም። በመጀመሪያው ዓመት ከአሜሪካ ታዋቂው የፊልም አዘጋጅ ሳሙኤል ፉለር መጣ፤ ኋላም የከተማው ሰዎች አንዱን መንገድ በስሙ ጠሩለት። ፎን ባግ እ.ኤ.አ. በ2014 እስኪሞት ድረስ ጠዋት ጠዋት እንግዶቹን በሕዝብ ፊት እያስቀመጠ ያነጋግራቸው ነበር፤ የሚጀምረውም ሁልጊዜ በአንድ ጥያቄ ነው፦ በሕይወትህ መጀመሪያ ያየኸው ፊልም ምንድን ነው?

ሌሎችም አሉ። በአሜሪካ ኮሎራዶ በተራሮች መካከል የተደበቀችው ቴሉራይድ የማዕድን ቆፋሪዎች ከተማ ነበረች፤ ቡች ካሲዲ የተባለው ዝነኛ ሽፍታ እ.ኤ.አ. በ1889 ባንክ የዘረፈው በእርስዋ ነው። ማዕድን ቆፋሪዎቹ በደጉ ጊዜ ያሠሯት አንዲት ትንሽ የኦፔራ ቤት ነበረቻትና እ.ኤ.አ. በ1974 የፊልም በዓል በዚያች ቤት ተጀመረ። የምዕራብ ሰሐራ ስደተኞች ደግሞ በአልጄሪያ በረሃ በሚኖሩበት ሰፈር እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የፊልም በዓል ይደረጋል፤ አዳራሽ ስለሌለ ሸራውን በጭነት መኪና ጎን ዘርግተው በአሸዋ ላይ ተቀምጠው ያያሉ። ለአሸናፊው ፊልም የሚሰጠው ሽልማት ነጭ ግመል ነው። የፓሪስ ወይም የማድሪድ ሰው ግመሉን ወደ ቤቱ ይዞት ሊሄድ አይችልምና ለሰፈሩ ቤተሰብ ትቶት ይሄዳል።

በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ያየሁት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ከተማይቱ እንደ ዋና ከተማ ለመምሰል አልደከመችም። ሶዳንኪላ ሌሊት የሌለበትን ሰማይ፣ ቴሉራይድ አሮጌ ቤቷን፣ ስደተኞቹ ጭነት መኪናቸውን ይዘው ተነሡ። ከዚያም ቀጥሎ ሦስት ወይም አራት እልኸኛ ሰዎች ያስፈልጋሉ፤ ያለ እነርሱ አይሆንም።

ወደ አገራችን እንመለስ። ሲኒማ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ቤተ መንግሥት ገባ፤ በኋላ በአዲስ አበባ የተከፈተውን የመጀመሪያ ማሳያ ቤት ሕዝቡ «የሰይጣን ቤት» አለው። የመጀመሪያው ረጅም የአማርኛ ፊልም «ሂሩት አባቷ ማን ነው» በ1957 ዓ.ም. ታየ። ከዚያ በኋላ የኢትዮጵያ ፊልም ወደ ዓለም የወጣው አብዛኛውን ጊዜ በገጠሩ ሕይወት ነው። ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1976 ያቀረበው «ምርት ሦስት ሺ ዓመት» የጭሰኛን ኑሮ የሚያሳይ ነው። የያሬድ ዘለቀ «ላም» የተባለው ፊልም፣ ይኸውም በእንግሊዝኛ በግ ማለት ነው፣ ከበጉ ጋር ስለማይለያይ አንድ የገጠር ልጅ ይተርካል፤ እ.ኤ.አ. በ2015 በካን ፌስቲቫል በይፋ ከተመረጡት መካከል የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ሆነ። ደስ ይላል። ይሁን እንጂ በጉና እረኛው ፈረንሳይ ድረስ ሲሄዱ፣ እንደ እነርሱ ያለ እረኛ የሚያድግበት ወረዳ የሚያሳይበት ሸራ የለውም። የኃይሌ አባት ተውኔት ጽፈው በየገጠሩ እየዞሩ ያሳዩ የነበሩ ሰው መሆናቸውን ሳነብ፣ ነገሩ ወደ ኋላ የሄደ መሰለኝ።

በአንድ ክፍል ተማሪዎቼን፣ ከብዙ ሰው ጋር ተቀምጣችሁ በትልቅ ሸራ ፊልም ያያችሁ እጅ አውጡ አልኋቸው። ያወጡት ከአንድ እጅ ጣት አይበልጡም። ፊልም ያላየ ግን አልነበረም፤ ሁሉም በስልካቸው፣ በጆሮ ማዳመጫ፣ ለየብቻ ያያሉ። አንዲት ልጅ፣ «መምህር፣ ብቻዬን ሳይ አልስቅም፤ ከእኅቴ ጋር ሳይ ግን እስቃለሁ» አለችኝ። ስለ ፊልም በዓል ጥቅም ብዙ ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ ከዚህ የበለጠ የተናገረ ግን አላገኘሁም።

ታዲያ አምቦ ምን ይዛ ትነሣ? አልጋ አላት፤ መንገድ አላት፤ ዩኒቨርሲቲ አላት፤ እንግዳው ቀን የሚውልበት ፍል ውሃ አላት። የጉደር ፏፏቴ ቅርብ ነው። የወንጪ ሐይቅ በፈረስ የሚዞሩበት ሥፍራ ነው፤ የዓለም የቱሪዝም ድርጅትም በ2014 ዓ.ም. ወንጪን ከዓለም ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዷ ብሎ ሰይሟታል። ሕዝቡ ኦሮምኛ ይናገራል፣ አማርኛም ይሰማል፤ ፊልሙም በሁለቱም ቋንቋ ሊሆን ይገባል። አንዱን ትቶ ሌላውን ማሳየት ግማሹን ተመልካች ከደጅ ማስቀረት ነው።

የሚያስቸግረው ሌሊቱ ነው። ይህን ሳልናገር ባልፍ አንባቢን ማታለል ይሆንብኛል። ባለፉት ዓመታት በምዕራብ ኦሮሚያ በደረሰው ግጭት ምክንያት ብዙ ሰው ሳይመሽ ወደ ቤቱ መግባትን ለምዷል፤ ከወረዳ ወደ ወረዳ በሌሊት መጓዝማ የማይታሰብ የሆነበት ጊዜ ነበር። የፊልም በዓል ደግሞ በየትም አገር የማታ ሥራ ነው። እናት ልጇን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ፊልም ቤት ልትልክ አትችልም፤ መምህርም ልኪያት ሊላት አይገባም።

ስለ ሶዳንኪላ ሳስብ ግን አንድ ነገር ታየኝ። እነርሱ በውጭ ሌሊት የላቸውም፤ ጨለማውን የሚሠሩት በቤት ውስጥ ነው። ፀሐይ በመስኮት እንዳትገባ ጋርደው ፊልማቸውን ያሳያሉ። ይህ ለእኛስ ምን ይከለክለናል? ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ የአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ መስኮቱ በጥቁር ጨርቅ ቢሸፈን ጨለማው ያው ጨለማ ነው። ፊልሙ አሥር ሰዓት ላይ ያልቃል። ከቦዳ የመጣውም፣ ከጉደር የመጣውም ሳይመሽ ቤቱ ይገባል። የቀን ፊልም በዓል ከዚህ በፊት ተሰምቶ አይታወቅ ይሆናል፤ አጋዘን አርቢዎች ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ፊልም ያያሉ ቢባልም ማን ያምን ነበር?

ወጪው ብዙ አይደለም። ፕሮጀክተር በዩኒቨርሲቲውም በብዙ መሥሪያ ቤትም አለ፤ ለስብሰባ ሲወጣ አይቼዋለሁ። መብራት ሲጠፋ የሚነሣ ጄነሬተር ያስፈልጋል፤ መብራት ይጠፋልና። ጥቁር ጨርቅ ከገበያ ይገዛል፤ ልብስ ሰፊ ጠይቄ ለአንድ መካከለኛ አዳራሽ የሚያስፈልገውን በሜትር አስለክቼአለሁ፤ ዋጋው የአንድ መምህር የወር ደመወዝ አያህልም፤ ቀረብ ይላል እንጂ። ከዚህ የሚከብደው ፈቃዱ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የሰውን ፊልም በአደባባይ ለማሳየት ባለቤቱን መጠየቅ ግድ ነው፤ ፍላሽ ላይ ገልብጦ ማሳየት ሌብነት ነው። በየወረዳው ጽሕፈት ቤት የምትሠራ አንባቢ ሆይ፣ በዚህ ረገድ ካንተ የሚጠበቀው ቀላል ነው፤ ደብዳቤው ጠረጴዛህ ላይ ሲደርስ «ለሚመለከተው» ብለህ ወደ ሌላ ጠረጴዛ አትግፋው።

የፎን ባግን ጥያቄ በአምቦ ሞክሬዋለሁ። ባለፈው ቅዳሜ በፍል ውሃው አጥር አጠገብ ፀሐይ ይሞቁ የነበሩ አንድ ሽማግሌ አገኘሁ፤ ጡረተኛ ናቸው።

«አባባ፣ በሕይወትዎ መጀመሪያ ያዩት ፊልም ምንድን ነው?» አልኋቸው።

ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛውረው ጥቂት አሰቡ። «ልጅ ሳለሁ ነው» አሉ። «የመንግሥት መኪና መጣና በገበያው ሜዳ ላይ ነጭ አቡጀዲ ወጠሩ። ስለ ወባ ነበር። ሕዝቡ ከመብዛቱ የተነሣ በሁለቱም በኩል ተቀመጥን፤ ግማሹ ከፊት፣ ግማሹ ከኋላ። ከኋላ ላለው ሰው ጽሑፉ ተገልብጦ ይታየዋል ይሉ ነበር፤ እኛ ምን ቸገረን ልጄ፣ ማንበብ አንችል!»

«እርስዎ በየትኛው በኩል ነበሩ?»

«በኋላ ነዋ» አሉኝ። «ወንበሩ በፊት ነበር፤ ወንበር የተሰጠው ለሹማምንቱ ነው። ሥዕሉ ግን በእኛም በኩል ያው ሥዕል ነበር።» ከዚያም መኪናው ሁለተኛ ተመልሶ እንዳልመጣ ነገሩኝ፤ እርሳቸው ግን ለብዙ ቅዳሜ ወደ ገበያው ሜዳ እየሄዱ አይተውታል።